አሥራ ሁለተኛው ብልቃጥ

ሰኔ 5፣ ማክሰኞ

ደብተሩን የሰጠችኝ የንግግር ሐኪሟ ናት። አባትሽ በየቀኑ የሚናገረውን ቃል ጻፊ፣ ስንት ጊዜ እንዳለውም ቁጠሪ አለችኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኳት። እሺ ማለት እኛ ቤት ተላላፊ ሆኗል።

ዛሬ የተናገረው፦ እሺ። አሥራ አራት ጊዜ። ሌላ የለም።

ስትሮክ ከመታው ሦስት ሳምንት ሆነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደክመዋል፤ አፉ ላይ የቀረችለት ቃል ደግሞ ይቺው አንዷ ናት። ለመንገድ ሥራ አለቆቹ፣ ለእናቴ (ነፍሷን ይማረውና)፣ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ እሺ ብሎ የማያውቅ ሰውዬ፣ አሁን ለሾርባውም እሺ፣ ለመርፌውም እሺ ነው። ጎረቤታችን ትናንት መጥታ «አወቅከኝ ወይ?» ስትለው እሺ አላት። ደስ ብሏት ሄደች።

በቀን አንድ ቃል ገጹን አይሞላውም። ሐኪሟ ካልተቆጣች የተረፈውን እኔ እሞላዋለሁ፤ ስለ መኪናዋ ልጻፍ።

አሮጌ ፎር ባይ ፎር ናት። አባዬ ሠላሳ ዓመት ቀያሾችን በጭቃና በገደል ሲያመላልስ የኖረው በእሷው ዓይነት ነው። ጡረታ ሲወጣ ይቺን ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ከእሱ በቀር ማንም ቡሎኗን ፈትቶ አያውቅም። ስትሮኩ በመታው ዋዜማ ጠዋት ከዳገቱ ተመልሶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ እየጣለ «ሦስተኛው እምቢ አለኝ። የካምቢዮው ዘይት ይቀየር» አለ። ሦስተኛ ማርሽ ማለቱ ነው። ሙሉ ሆኖ ከአፉ የወጣ የመጨረሻ ነገር ይሄ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ይቀየራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሕክምናው ከዳገቱ ማዶ ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ዳገቱን አይወጣም፤ የአውቶቡሱ ደረጃ ለእሱ እግር ከፍ ይላል። ሐኪሟ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዳያመልጡን ብላናለች። መኪናዋ ከቆመች አባዬም ቆመ ማለት ነው።


ሰኔ 8፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ዳገቱን ወጣን። ሦስተኛው ገባ። አራተኛውም ገባ። ዛሬ ገባ ማለት ግን ነገ ይገባል ማለት አይደለም። እሺ፦ አሥራ አንድ።

ማታ። ችግሩ የትኛው ዘይት የሚለው ነው። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከዓመታት በፊት ዝናብ ገብቶበት ገጹ ተጣብቆ ቀርቷል። አባዬ ያን ጊዜ «ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» ብሎ ወረወረው። አሁን እዚያው ነው ያለው እንግዲህ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ።

ዘይት ሻጩ ሁለት ባዶ ጋሎን አዋሰኝ። በሁለቱም ላይ ውፍረቱ ሰማንያ ዘጠና ይላል። ልዩነታቸው አንደኛው ደረጃ አራት፣ ሌላኛው ደረጃ አምስት መሆኑ ነው። ጋሎኖቹን አባዬ ፊት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። መነጽር ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው አስቀምጬ ሌንስ እየቀያየርኩ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» እላለሁ። እሱንም እንደዚያው ጠየቅሁት።

«ይሄ ነው ወይስ ይሄ?»

«እሺ።»

ቦታቸውን ቀያየርኩ። እሺ። በግራ እጅህ ንካልኝ አልኩት፤ አራቱን ነካ፣ አምስቱን ነካ፣ ቀጥሎ የስኳር ዕቃውን ነካ። በሥራዬ ሰው ለሁለቱም ሌንስ አዎ ካለ ዓይኑን እናሳርፈዋለን። እኔ ግን አባቴን ሳላሳርፍ ሰባት ጊዜ ጠየቅሁት። በሰባተኛው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሎኖቹን አንስቼ ወጣሁ።

እሺ እንደገና ሲቆጠር፦ ሃያ ሁለት። ግማሹ በእኔ ጥፋት።


ሰኔ 10፣ እሑድ

ዕቃ ቤት ስፈልግ ዋልኩ። ወረቀት የለም። ያሉት ብልቃጦቹ ናቸው።

ልማዱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤቱ መኪናም ያደርገው ነበር። አባዬ የካምቢዮ ዘይት በቀየረ ቁጥር ከወጣው አሮጌ ዘይት በትንሽ ብልቃጥ ያስቀራል፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ይለጥፍና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይጽፋል። ከዚያ ወደ መስኮቱ አንስቶ በፀሐይ ያየዋል። ወርቃማ ብናኝ ከታየ ካምቢዮው ራሱን እየበላ ነው ይላል። አሥራ አንድ ብልቃጥ በተራ ቆመዋል። የዘይቱን ዓይነት የጻፈበት አንድም የለም፤ የሚያውቀውን ነገር ምን ብሎ ይጽፋል?

የመጨረሻውን፣ አሥራ አንደኛውን፣ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ጠቆር ያለ፣ ጥርት ያለ ዘይት ነው። ብናኝ የለውም። ደመና ስለሆነ ይሆናል።

እሺ፦ ዘጠኝ።


ሰኔ 13፣ ረቡዕ

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ «በቀስታ» ይላቸዋል፤ ሲራመዱም፣ ቡሎን ሲፈቱም፣ ሲናገሩም በቀስታ ነው። የአባዬ እኩያ ናቸው። መኪናዋን ይዘው ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሩና ተመለሱ።

«ምንም የለባትም የኔ ልጅ።»

«ሦስተኛው እምቢ ይላል እኮ ጋሼ።»

«ለማን?»

«ለአባዬ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ፣ አሁን ውስጧ ያለው ዘይት ደህና ነው፣ አትንኪው አሉኝ። አባትሽ ካምቢዮውን ለሰው ስለማያስነካ ምን እንደሚሞላ አላውቅም፤ ውስጡ ግን ማርሾቹን የሚያስማሙ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፣ ነሐስ ደግሞ ዘይት ይመርጣል፤ አብሮት ይነዳ የነበረ አንድ ሰው አለ፣ እሱን ፈልጌ እስክጠይቅ ጠብቂ አሉ።

ጠብቂ የሚለኝ ሰው ያበሽቀኛል። የሆስፒታሉ ሐኪም ጠብቂ፣ የንግግር ሐኪሟ ጠብቂ፣ አሁን ደግሞ መካኒኩ። አባዬ ይቀየር ነው ያለው፤ ይጠበቅ አላለም።

እሺ፦ አሥራ ሦስት።


ሰኔ 17፣ እሑድ

ወንድሜ ደወለ። በመኪና አምስት ሰዓት ከሚያስኬድ ከተማ በየእሑዱ ይደውላል። አባዬን እኔ ጋ ላምጣው፣ አንቺም ሥራሽን ሥሪ አለ። እዚያ ሕክምና አለ ወይ ስለው «ይፈለጋል» አለኝ። ከጀርባው ሚስቱ ለልጆቿ ይሁን ለእሱ «ያቺን ቆርቆሮ ሸጠው አይገላገሉም?» ስትል ሰማሁ። ያልሰማሁ መሰልኩ። ወንድም ጋሼ፣ መኪናዋ ዳገቱን እስከወጣች ድረስ አባዬ እዚሁ ነው አልኩት። ካልወጣችስ አለ። ትወጣለች አልኩ።

ሐሙስ ዕለት መነጽር ቤት የሆነውን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። አንዲት ሴትዮ ከሁለት መነጽር ቁጥሩ ትልቁን ካልሰጠሽኝ አለችኝ፤ ይበልጥ ያሳያል ብላ። እየሳቅሁ «እትዬ፣ የሚሻለው ቁጥሩ የበለጠው ሳይሆን ለዓይንዎ የሚሆነው ነው» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ሳስባት ሳቄ ይመጣል። ሰው እንዴት የዋህ ነው።

እሺ፦ ስምንት። እየቀነሰ ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።


ሰኔ 20፣ ረቡዕ

የበቀስታ ጋራዥ ዝግ ነው። ወገባቸው ይዟቸው ተኝተዋል። መቼ እንደሚነሱ የሚያውቅ የለም።

ዘይት ሻጩ ጋ ሄድኩ። አምስት እያለ አራት የሚወስድ ደንበኛ ብዙ አይመጣም አለኝ። አምስቱ አዲሱ ነው፤ አራቱ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፣ ይጨምራልም። አምስቱን ወሰድኩ።

ማታ። ራሴው ቀየርኩት! ልጅ ሆኜ ለአባዬ ባትሪ እየያዝኩ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ሥር ስንቱን ቀን ተኝቻለሁ። የታችኛውን ቡሎን ፈትቼ አሮጌውን አፈሰስኩ፣ በጎን በኩል በላስቲክ ቱቦ አዲሱን ሞላሁ። ክንዴ እስከ ብብቴ ዘይት ሆኗል። ለብልቃጥ ማስቀረት ረሳሁ፤ ወዲያው ደፋሁት።

አባዬን በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀምጬው ነበር። ጋሎኑን ሳሳየው ደስታውን ማየት ነበር። እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያለ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይደበድባል። ፊቱ እስኪቀላ። ከሥር ሆኜ «ደረስኩ አባዬ፣ ደረስኩ!» እለዋለሁ፤ እሱ ይብስ ይደበድባል። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲነቃቃ አይቼው አላውቅም።

እሺ፦ አርባ አንድ። ለሐኪሟ ይነገራል።


ሰኔ 22፣ ዓርብ

ሦስተኛው ትንሽ ያመነታል። አዲስ ዘይት ነው፣ እስኪለመድ ይሆናል። አባዬ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያይ ነበር። እሺ፦ አራት ብቻ።


ሰኔ 29፣ ዓርብ

ዳገቱ ወገብ ላይ ወደ ሦስተኛ ሳስገባ ካምቢዮው ጥርሱን አፋጨ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ።

ለእኔም እምቢ አለኝ ማለት ነው። ይሄን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ። አባዬ ልክ ነበር። ካምቢዮው ነው። ያን ቀን እምቢ ያለው ካምቢዮው ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

እሺ፦ ስድስት።


ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

ሐኪሟ ደብተሩን አየች፤ የመኪናውን ክፍል ዘለለችልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እሺን አትቁጠሪ አለችኝ። ለሁሉም የሚላት ቃል ስለሆነች ትርጉም የላትም፣ ከአፍ ልማድ ነው የምትወጣው፣ አዲስ ቃል ሲመጣ ብቻ ጻፊ።

ከዚያ ቅጽ ስትሞላ፣ ከመታመሙ በፊት ባለው ቀን እጁ ከብዶት፣ ዕቃ ወድቆበት፣ ደንዝዞት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የለም አልኳት።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝና እሺ አለ። አልቆጠርኩትም።

ዛሬ የተናገረው፦ ምንም።


ሐምሌ 10፣ ማክሰኞ

አልሆነም። ዝናብ። ዳገቱ መሃል ሦስተኛው እምቢ፣ ወደ ሁለተኛ ልመልስ ስል እሱም እምቢ። መኪናዋ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ከኋላ ያለው የጭነት መኪና ጥሩምባውን አይለቅም። አባዬ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ወደ ማርሹ ዘንግ ሊያመጣው ይታገላል፤ ሊረዳኝ። ተው፣ ተው አባዬ አልኩት። ጮኼበታለሁ።

ቤት የደረስነው በአንደኛ ማርሽ ነው፣ እግረኛ እያለፈን። ቀጠሮው አለፈ።

ዛሬ የተናገረው፦ ምንም።


ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

በቀስታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ ከአልጋ ተነስተው በዱላ እየተደገፉ ቤት መጡ። አንድ ጋሎን በብብታቸው ይዘዋል። «ላጣራ ያልኩሽን አጣራሁ» አሉ። «አባትሽ የሚሞላው አራቱን ነው።»

ጋሎኑ ላይ አራት ይላል። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም፤ ፊቴን አይተው ወደ መኪናዋ ሄዱ። የጎኑን ቡሎን ፈትተው ጣታቸውን አስገቡና አሸተቱ። ማነው ይሄን የሞላው አሉኝ። ዘይት ሻጩ ነው አልኳቸው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጅ ዋሸሁ።

ዘይቱን ነጭ ሳፋ ላይ አፈሰሱት። ያብረቀርቃል። ልክ የወርቅ ቀለም ነው፣ ምን እንደሆነ ባላውቅ ያምራል እል ነበር።

«ይሄ ቀለበቱ ነው» አሉ፣ በጣታቸው እያሹ። «አምስቱ የኋላ ጎማዎቹን ለሚያዞረው ዲፈረንሻል ነው፣ እዚያ ብረት ለብረት ነው። ነሐሱን ግን ይበላዋል። እኔ ስነዳት እኮ ጤነኛ ነበረች፣ የኔ ልጅ።»

አራቱን ሞሉልኝ። የተበላ ቀለበት ግን በዘይት አይመለስም። በዚህች ዕድሜ ላለች መኪና ቀለበት የሚገኘው በትእዛዝ ነው፣ ወራት ይፈጃል፣ ያውም ከተገኘ። ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

ከሳፋው በብልቃጥ ቀዳሁ። ፕላስተር ለጠፍኩ፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛው።

ያቺ ሴትዮ ትልቁን ቁጥር ካልሰጠሽኝ ስትለኝ ስቄባታለሁ።

አባዬ ያን ቀን በረንዳው ላይ ደስ ብሎት አልነበረም። አርባ አንድ ጊዜ አትሙዪው ሲለኝ ነበር። ያለችው ቃል እሷው ሆና ነው።


ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ ከሰዓት

አባዬ ተኝቷል። ዛሬ እውነቱን ልጻፈው፤ ሐኪሟም ብታነበው ታንብበው።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመጨረሻ ንግግሩ ነው ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ከዚያም በኋላ ተናግሯል።

ጠዋት ሦስተኛው እምቢ አለኝ አለ። እኩለ ቀን ላይ እኔ በዚያችው መኪና አዲስ የመጡ ሌንሶች ለማምጣት ሄጄ ነበር። ሦስተኛው ሳላስበው ነው የገባልኝ፣ ሄጄም ተመልሼም። ቤት ስገባ አባዬ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ያሻል። ብርጭቆ ሰብሮ ነበር፤ ስብርባሪውን የጠረግሁት እኔ ነኝ። እየሳቅሁ «ካምቢዮው ደህና ነው፤ ላንተ ብቻ ነው እምቢ የሚለው፣ አርጅተሃል» አልኩት። ሳቀ። በግማሽ አፉ ነው የሳቀው። አሁን ሳስበው በግማሽ ነው።

ከዚያ «እጄን ደንዘዝ አለኝ መሰለኝ» አለ።

የመጨረሻው ይሄ ነው። እኔ ምን አልኩ? ተኝተህበት ይሆናል አልኩት። ከዚያ ራት በላን።

የሰው ዓይን ስመረምር የምኖር ሰው ነኝ። በጨለማ ክፍል አንዲት ነጥብ አትጠፋኝም። የአባቴን እጅ ግን ሳላይ ቀረሁ፤ አይ፣ አየሁ፤ አይቼ ጠረጴዛ ጠረግሁ። እምቢ ያለው እጁ ነበር። ዘይቱን የቀየርኩት ካምቢዮው ጥፋተኛ እንዲሆንልኝ ነው። ጥፋተኛም አደረግሁት፣ በገዛ እጄ አበላሽቼ።

ያን ቀን ሐኪም ቤት ብንሄድ ምን ይሆን ነበር? ጠይቄ ማወቅ እችላለሁ። አልጠይቅም።

ዛሬ የተናገረው፦ ምንም።


ሐምሌ 22፣ እሑድ

አራት ቀጠሮ አለፈን። አንድ ታክሲ ለምኜ አስወጥቼ ነበር፤ ጭቃው ላይ ከግማሽ መለሰን።

ወንድሜ ደወለ። ትወጣለች ነበር ያልሽው አለ፣ ሳይቆጣ። እዚያ ሕክምና አግኝቷል፣ በሳምንት አንድ ቀን።

እሺ አልኩት።


ነሐሴ 2፣ ረቡዕ

ልብሱን ሸከፍኩ። መላጫውን። የማያነበውን ጋዜጣ። ሸሚዙን ሦስት ጊዜ አጣጠፍኩት፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል።


ነሐሴ 5፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ማለዳ ደረሰ። ሻንጣውን ሲጭን እኔና አባዬ በረንዳው ላይ ነበርን፣ እሱ ያ ወንበር ላይ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

አሥራ ሁለተኛውን ብልቃጥ አምጥቼ በግራ እጁ አስያዝኩት። ወደ ብርሃኑ አነሳው፣ ድሮ እንደሚያደርገው። ብናኙ ሲወርድ ረጅም ጊዜ አየው። እንዲህ ብዬ ነገርኩት፦ አምስቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። አንተ አትሙዪ ስትለኝ ደስ ብሎት ነው ብያለሁ። ካምቢዮው ምንም አልነበረበትም፤ ያን ቀን በእኩለ ቀን ነድቼዋለሁ፣ ገብቶልኛል። እጅህ መሆኑን ነግረኸኝ ነበር። ሰምቼሃለሁ አባዬ፤ ሰምቼ ተውኩት።

ብልቃጡን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በግራ እጁ ቀኝ እጁን ከወንበሩ ክንድ ላይ አነሳና ጉልበቴ ላይ አኖረው። ከባድ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው።

«እሺ» አለ።

ወንድሜ ጥሩምባ ነፋ። ደግፈን አስገባነው። መኪናው ከማዕዘኑ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ፤ አባዬ ዞሮ አላየም፣ አንገቱ አይዞርለትም።

ሐኪሟ አትቁጠሪው ብላኛለች። ለሾርባውም፣ ለመርፌውም፣ ለጎረቤቷም የሚላት እሺ መሆኗን አውቃለሁ። የዛሬዋ ሌላ ትሁን አትሁን የሚነግረኝ የለም።

ዛሬ የተናገረው፦ እሺ። አንድ ጊዜ።